በአንድ ጀንበር ሦስት ገዥ

እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1905፣ ሐሙስ። የኮሎራዶ ግዛት ሁለቱ ምክር ቤቶች በዴንቨር ከተማ በአንድ አዳራሽ ተሰብስበዋል። ከበላያቸው ያለው ጉልላት ያን ጊዜ ገና መዳብ ለባሽ ነው፤ ዛሬ ከሩቅ የሚያብለጨልጨው ወርቅ የተለበጠበት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በዚያን ዕለት ጠዋት የግዛቲቱ አገረ ገዥ ዲሞክራቱ አልቫ አዳምስ ነበር። ጉባኤው ድምፅ ሰጥቶ ሲበተን አገረ ገዥው ሪፐብሊካኑ ጄምስ ፒቦዲ ሆነ። በማግስቱ ዓርብ ፒቦዲ ሥልጣኑን ለቀቀና ምክትል ገዥው ጄሲ ማክዶናልድ ምሎ ወንበሩን ያዘ። ኮሎራዶ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት በማይሞላ ጊዜ ሦስት ገዥ አየች።

ነገሩ በአሜሪካ ብዙውን ጊዜ ለሳቅ ነው የሚነሣው፤ ከድንቃ ድንቅ ታሪኮች ተርታ ይመደባል። ለእኔ ግን የሚያስቅ ነገሩ ብዙም አልታየኝም። ከሦስቱ የመጀመሪያው ድምፅ ተቆጥሮ አሸናፊ የተባለ ሰው ነው። ሁለተኛው በዚያው ቆጠራ ተሸናፊ የተባለ ነው። ሦስተኛው ለምክትልነት እንጂ ለአገረ ገዥነት አልተወዳደረም፤ ገዥ ይሁነን ብሎ የመረጠው ሰው የለም። በመጨረሻ ወንበሩ ላይ የቀረው ይኸው ሦስተኛው ነው። ይህ ሁሉ የተፈጸመው ደግሞ አንቀጽ እየተጠቀሰ፣ ቃለ ጉባኤ እየተያዘ፣ ወግና ሥርዓቱ ሳይጓደል ነው። እንዴት እዚህ እንደተደረሰ ለመረዳት ከዴንቨር ወጥቶ ወደ ወርቁ ተራራ መሄድ ያስፈልጋል።

ክሪፕል ክሪክ ከዴንቨር በስተ ደቡብ፣ በፓይክስ ፒክ ተራራ ጀርባ ያለ የወርቅ ወረዳ ነው። ከፍታው ወደ 2,900 ሜትር ይጠጋል፤ ከአዲስ አበባ በ500 ሜትር ያህል ይበልጣል ማለት ነው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከብት ይሰማራበት በነበረው ሜዳ ላይ ወርቅ ተገኘና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከተሞች በቀሉበት። በ1900 የወረዳው የዓመት ምርት 18 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። ከመሬት በታች የሚቆፍረው ሠራተኛ በቀን 8 ሰዓት ሠርቶ 3 ዶላር ያገኛል። ለዚያ ዘመን መጥፎ ደመወዝ አይደለም፤ ነገር ግን ማንም አልሰጠውም፣ በ1894 አድማ መትቶ ነው ያገኘው።

የዚያ አድማ ታሪክ ለዚህኛው ቁልፍ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። የማዕድኑ ባለቤቶች አድማውን ለመስበር በሸሪፉ ስም ብዙ የታጠቀ ሰው ሰብስበው ወደ ተራራው ላኩ። በወቅቱ አገረ ገዥ የነበረው የሕዝባዊ ፓርቲው ዴቪስ ዌይት የግዛቲቱን ብሔራዊ ዘብ አዘመተና በሁለቱ መካከል አቆመው። ሠራተኞቹ ሳይመቱ ቀሩ፣ ደመወዛቸውም ጸና። በኮሎራዶ ተራሮች ላይ ባለሀብትና ሠራተኛ ሲፋጠጡ ሚዛኑን የሚያጋድለው የአንድ ሰው ፊርማ እንደሆነ ሁለቱም ወገኖች ያን ጊዜ አዩ። ወታደሩን የሚያዝዘው አገረ ገዥው ነው። ከዚያ ወዲህ የአገረ ገዥነት ምርጫ በዚያ አገር ተራ የፓርቲ ፉክክር መሆኑ ቀረ።

በኖቬምበር 1902 የኮሎራዶ መራጭ በአንድ ቀን ሁለት እርስ በርስ የሚጣሉ ነገሮች መረጠ። አንደኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው፤ ምክር ቤቱ በማዕድንና በማቅለጫ ለሚሠሩ ሰዎች የ8 ሰዓት የሥራ ቀን እንዲደነግግ የሚያዝዝ። 72,980 ድምፅ ደገፈው፣ 26,266 ተቃወመው። ሁለተኛው ምርጫ ጄምስ ፒቦዲ ነው፤ ከቨርሞንት የመጣ፣ በካንየን ሲቲ ባንክ ያቋቋመና ከንቲባ የነበረ፣ ሕግና ሥርዓት የሚለውን ቃል ከአፉ የማይለይ ሰው። የ1903ቱ ምክር ቤት ተሰበሰበ፣ የማቅለጫ ኩባንያዎች ጉዳይ አስፈጻሚዎችም ኮሪደሩን ሞሉት፣ በመጨረሻ ሕጉ ሳይወጣ ጉባኤው ተበተነ። ከሦስት እጅ ሁለት እጅ በላይ የሆነ ሕዝብ ያዘዘው ነገር እንዲሁ ቀረ።

አድማው በመጀመሪያ የተነሣው ተራራው ላይ አልነበረም። ታች ሜዳው ላይ፣ በኮሎራዶ ሲቲ፣ የወርቅ ድንጋይ የሚፈጩትና የሚያጣሩት ፋብሪካዎች ሠራተኞች በቀን እስከ 1 ዶላር ከ80 ሳንቲም ድረስ በወረደ ደመወዝ ይሠሩ ነበር። የምዕራብ ማዕድን ሠራተኞች ፌዴሬሽን አባል ስለሆኑ ከሥራ ሲባረሩ በፌብሩዋሪ 1903 አድማ መቱ። ፒቦዲ ወታደር ላከ። ነገሩ ተድበስብሶ ቆየና እንደገና ሲፈነዳ፣ በኦገስት ወር የክሪፕል ክሪክ 3,500 ያህል ቆፋሪዎች የታች ወንድሞቻቸውን ለመደገፍ ከጉድጓድ ወጡ። ፒቦዲ አሁንም ወታደር ላከ። ግዛቲቱ ለዘመቻው የሚሆን ገንዘብ ስላልነበራት ወጪውን ያበደሩት የማዕድን ባለቤቶቹ ማኅበር ነበር። የዘቡ አዛዥ ሸርማን ቤል ቀድሞ የማዕድን ሥራ አስኪያጅ የነበረ ሰው ነው፤ ከመንግሥት ደመወዙ በላይ ባለማዕድኖቹ ድጎማ ይከፍሉት ነበር። በአንድ ክርክር ውስጥ የአንደኛውን ተከራካሪ ደመወዝ የሚበላ ጦር ገለልተኛ ይሆናል ብሎ የጠበቀ ያለ አይመስለኝም።

ወታደሮቹ የሠራተኛ ማኅበሩን ሰዎች ያለ ክስ እየያዙ በአጥር በታጠረ ስፍራ ያጉሩ ጀመር፤ ቦታውን በረት ነበር የሚሉት። የታሰሩት አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ አቀረቡ። በሴፕቴምበር ወር ዳኛ ሲድስ ጉዳዩን ለመስማት ሲቀመጥ የክሪፕል ክሪክ ፍርድ ቤት ዙሪያውን በፈረሰኛና በእግረኛ ተከቧል፣ ጋትሊንግ የሚባለው መትረየስ ተጠምዷል፣ በአቅራቢያው ባለው ሆቴል ጣራ ላይ አነጣጣሪ ተኳሾች ተሰይመዋል። እስረኞቹ የገቡት በሳንጃ ታጅበው ነው። ዳኛው ደፋር ነበርና ይፈቱ ብሎ ፈረደ። ጦሩ ግን መጀመሪያ እምቢ ብሎ ቆይቶ፣ ከፒቦዲ ትእዛዝ ሲመጣለት ነው የለቀቃቸው።

በዚያው ወር መጨረሻ የሆነ አንድ ሌሊት ደግሞ አለ። ቪክቶር በምትባለው የወረዳው ሁለተኛ ከተማ፣ አድማውን የሚደግፍ ቪክቶር ሪከርድ የሚባል ጋዜጣ ይታተም ነበር። ሴፕቴምበር 29 ሌሊት ወታደሮች ቢሮውን ወረሩና አዘጋጁን ከነፊደል ለቃሚዎቹ ይዘው ወደ በረቱ ወሰዷቸው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ጋዜጣው በማግስቱ እንዳይወጣ። ከታሰሩት አንዱ የላይኖታይፕ ማሽን ሠራተኛ ነበር፤ ሚስቱ ኤማ ላንግደንም ሙያውን ታውቃለች። ወሬውን ስትሰማ በሌሊት ቤቷን ለቃ ወጣች፣ ወደ ማተሚያ ቤቱ ገባች፣ በሩን ከውስጥ ቀረቀረች። ከዚያም ማሽኑ ላይ ተቀመጠች።

ላይኖታይፕ ዝም ብሎ የሚሠራ ማሽን አይደለም። የቀለጠ እርሳስ በሆዱ ይዞ፣ እንደ ጽሕፈት መኪና ቁልፉ በተነካ ቁጥር የነሐስ ቅርጾችን እያንኳኳ ያወርዳል፣ መስመሩ ሲሞላ እርሳሱን አፍስሶ አንድ ረድፍ ፊደል ይወልዳል። ድምፁ ጎዳና ድረስ ይሰማል። ውጭ ወታደር ቆሟል፣ ውስጥ አንዲት ሴት መስመር በመስመር ጋዜጣ ትሠራለች። ሲነጋ ጋዜጣው ወጣ። በርዕሱ ጥቂት ብንቆስልም ከትግሉ ሜዳ አልወጣንም የሚል መልእክት ይዞ ነበር። ኤማ ቅጂውን ይዛ ባሏ ወደታሰረበት በረት ሄደች። ፌዴሬሽኑ በኋላ የክብር አባል አድርጓታል፣ እሷም የአድማውን ታሪክ መጽሐፍ አድርጋ ጽፋለች። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ በአብዛኛው አሜሪካ ሴት ድምፅ መስጠት ያልተፈቀደላት ዘመን ነበር፣ ኮሎራዶ ግን በ1893 በሕዝበ ውሳኔ ፈቅዳ ነበርና ኤማና መሰሎቿ በቀጣዩ ምርጫ ፒቦዲን የመቅጣት መብት ነበራቸው።

ዲሴምበር 4 ቀን 1903 ፒቦዲ ክሪፕል ክሪክን በሚያጠቃልለው በቴለር አውራጃ ወታደራዊ አስተዳደር አወጀ። (በዚያው ወር የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ ገብቶ ከዐፄ ምኒልክ ጋር የመጀመሪያውን የንግድ ውል ይፈራረም ነበር። ምኒልክ ስለ ኮሎራዶ ቢጠይቁት ምን ይመልስ እንደነበር ማሰብ ደስ ይላል።) ቴሉራይድ በሚባለው ሌላ የማዕድን ከተማም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ሞየር በማርች 1904 ተይዞ እዚያ ታሰረ። ለመያዙ የተሰጠው ምክንያት የአሜሪካን ባንዲራ አርክሷል የሚል ነው፤ ማኅበሩ በባንዲራው መስመሮች ላይ የኮሎራዶን በደል ዘርዝሮ፣ ኮሎራዶ ያለችው አሜሪካ ውስጥ ነውን ብሎ የሚጠይቅ ወረቀት አሳትሞ ነበር። ሞየር ለሁለት ወር ተኩል ያህል ሳይከሰስ ታሰረ። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አገረ ገዥው እንዲህ የማድረግ ሥልጣን አለው ብሎ ወሰነ፤ ዳኛ ሮበርት ስቲል ብቻ ጠንከር ያለ የልዩነት ሐሳብ አስመዘገበ። ይህን ፍርድ ቤት እናስታውሰው፣ ቆየት ብለን እንገናኛለን።

ከዚያ ጁን 6 ቀን 1904 መጣ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልፎ፣ ኢንዲፔንደንስ በሚባለው ባቡር ጣቢያ የሌሊት ፈረቃ ጨርሰው ባቡር የሚጠብቁ፣ የማኅበሩ አባል ያልሆኑ ቆፋሪዎች በቆሙበት መድረክ ሥር ዲናሚት ፈነዳ። 13 ሰዎች ሞቱ። ቦምቡን ያፈነዳሁት እኔ ነኝ ብሎ ሃሪ ኦርቻርድ የሚባል ሰው የተናዘዘው ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ነው፤ ያን ለት ግን ማንም ማስረጃ የጠየቀ አልነበረም። የማዕድን ባለቤቶቹና ደጋፊዎቻቸው ሕዝብ የመረጠውን ሸሪፍ ሄንሪ ሮበርትሰንን ጠርተው ልቀቅ አሉት። ሲያንገራግር የገመድ ጥቅልል ከእግሩ ሥር ወረወሩለት። ለቀቀ። በምትኩ የእነሱን ሰው አስቀመጡ። ሌሎች የአውራጃው ሹማምንትም እንዲሁ አንድ በአንድ ወንበራቸውን ለቀቁ። ወታደሮች የማኅበሩን አዳራሽ ደበደቡ፣ የኅብረት ሱቆቹ ተዘረፉ፣ ከ200 በላይ ሰዎች ባቡር ላይ ተጭነው በካንሳስና በኒው ሜክሲኮ ድንበር ባዶ ሜዳ ላይ ተራገፉ። ቤት ንብረታቸውና ልጆቻቸው ተራራው ላይ ቀሩ።

ሰው ስለ 1904ቱ ምርጫ ሲያወራ ከኖቬምበር ይጀምራል። እኔ ከዚያ ገመድ ነው የምጀምረው። በቴለር አውራጃ ምርጫው የተካሄደው ገመድ ታይቷቸው በለቀቁ ሰዎች ወንበር ላይ በተቀመጡ ሹሞች ሥር ነው፣ ብዙ መራጭም ከአውራጃው ተባርሯል። በምርጫው ቀን ጎልድፊልድ በምትባለው ከተማ ጣቢያ ላይ ሁለት ሰዎች በአንድ የሸሪፍ ረዳት ተተኩሶባቸው ሞተዋል።

ዲሞክራቶቹ ፒቦዲን እንዲገጥም ያቀረቡት አልቫ አዳምስ ነበር። ዊስኮንሲን ተወልዶ በወጣትነቱ ወደ ኮሎራዶ የመጣ፣ በፑዌብሎ ከተማ የብረታ ብረትና የቤት ዕቃ ነጋዴ፣ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አገረ ገዥ የነበረ፣ የተረጋጋ ሰው። አብዮተኛ አልነበረም፤ ነጋዴዎችም ሠራተኞችም ሳይፈሩ ሊመርጡት የሚችሉት ዓይነት ነው። ኖቬምበር 8 በተካሄደው ምርጫ በፕሬዚዳንትነት የሪፐብሊካኑ ቴዎዶር ሩዝቬልት በኮሎራዶ ከ30,000 በላይ ድምፅ በልጦ አሸነፈ። በዚያው ወረቀት ላይ ግን የሩዝቬልት ፓርቲ ዕጩ ፒቦዲ ወደ 10,000 በሚጠጋ ድምፅ ለአዳምስ ተሸነፈ። ብዙ ሰው ሩዝቬልትን መርጦ ፒቦዲን ዘልሎታል ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ከምርጫው ሁሉ ይህ አኃዝ ነው ጎልቶ የሚናገረው።

ነገር ግን አዳምስን ደግፎ ብቻ መጨረስ አይቻልም፤ ዴንቨር አለች። ከተማይቱ በዲሞክራቱ ከንቲባ በሮበርት ስፒር እጅ ነበረች። ስፒር ብልህ የከተማ ሰው ነው፣ በኋላ ዛፍ ያስተከለ፣ አደባባይ ያሠራ፤ ዛሬ በዴንቨር የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በየቀኑ በስሙ በተሰየመው ስፒር ቡልቫርድ ይነዳሉ። ያ ብልህነቱ ግን በምርጫ ማሽንም ጭምር የሚሠራ ነበር። ማሽኑ እንዲህ ነው የሚንቀሳቀሰው፦ ማደሪያ በሌላቸው፣ በሞቱና በሌሉ ሰዎች ስም ይመዘገባል፤ አንዱ ሰው ከጣቢያ ጣቢያ እየዞረ በተለያየ ስም ድምፅ ይሰጣል፤ ጣቢያውን የሚመራው ሹም አይቶ እንዳላየ ያልፋል፤ ማታ ደግሞ ቆጠራው አለ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት እንዲህ ነው።

ሪፐብሊካኖቹ ይህን ያውቁ ስለነበር ምርጫው ሳይደረግ ቀድመው ወደ ግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ። ፍርድ ቤቱ ከዚያ በፊት ተሰምቶ የማያውቅ ነገር አደረገ፤ በዴንቨር የምርጫ ሹማምንት ላይ የእግድ ትእዛዝ አወጣና የራሱን ታዛቢዎች በየጣቢያው ላከ። ሞየር ሲታሰር የአገረ ገዥውን ሥልጣን የደገፈው ያው ፍርድ ቤት ነው። ታዛቢዎቹ በአንዳንድ ጣቢያ ተገፍተው ወጡ፣ ተዋከቡ። ፍርድ ቤቱ ይህን ችሎት መድፈር ብሎ ተቀበለውና የዲሞክራቶቹን ሰዎች በራሱ ችሎት እያቀረበ ወህኒ አወረደ። እዚህም ላይ አልቆመም። ማጭበርበር የታየባቸውን ጣቢያዎች ድምፅ ሙሉ በሙሉ እንዳይቆጠር አደረገ፤ ከሐሰተኛው ጋር የእውነተኛው መራጭም ድምፅ አብሮ ተጣለ። በዚህ ምክንያት ዲሞክራቶች ያገኟቸው የምክር ቤት ወንበሮች ወደ ሪፐብሊካኖች ዞሩ። ቆይቶ የአገረ ገዥውን ጉዳይ የሚዳኘው ምክር ቤት የተዋቀረው እንዲህ ነው።

የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ራሱ ለምርመራ የተመቸ ነበር። በኮሎራዶ መራጩ አንድ ፓርቲን በጅምላ መምረጥ ሲፈልግ የፓርቲውን ስም በእጁ ይጽፍ ነበር። ኮሮጆው ተከፍቶ ወረቀቶቹ ጠረጴዛ ላይ ሲደረደሩ የእጅ ጽሕፈት አዋቂዎች ተጠርተው፣ ብዙ ወረቀት በአንድ እጅ የተጻፈ ነው ብለው መሰከሩ። እርግጥ የአዳምስ ጠበቆች አንዳንድ መራጭ መጻፍ ስለማይችል ሌላ ሰው እንደሚጽፍለት ማስረዳት ይችላሉ። ያም ሆኖ በዴንቨር ኮሮጆ መሞላቱን ዛሬ የሚክድ የታሪክ ሰው አላጋጠመኝም።

ወደ ደቡብ ስንወርድ የከሰሉ አገር እናገኛለን፤ ዌርፋኖና ላስ አኒማስ የሚባሉ አውራጃዎች። እዚያ የኮሎራዶ ነዳጅና ብረት ኩባንያ የሠራተኛውን ቤት፣ ሱቁን፣ አንዳንዴም ትምህርት ቤቱንና መንገዱን የራሱ ያደረገባቸው ሰፈሮች ነበሩ። የምርጫ ጣቢያው በኩባንያው ግቢ ውስጥ ነው። አዳምስ በበኩሉ እዚያ ለፒቦዲ የተሰጠው ድምፅ የአለቆች ድምፅ እንጂ የቆፋሪው አይደለም ብሎ ከሰሰ። በዴንቨር የሰካራም ስም ይሰረቃል፣ በከሰል ሰፈር የሠራተኛው እጅ ይጠመዘዛል። ልዩነቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ የዴንቨሩን ኮሮጆ ለመክፈት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሙሉ ኃይሉን አሰለፈ፤ ለከሰሉ ሰፈር ግን ይህን ያህል አልተጋም።

አዳምስ ጃንዋሪ 10 ቀን 1905 ቃለ መሐላ ፈጸመ። ፒቦዲ ወዲያው የክርክር አቤቱታ አቀረበ። የኮሎራዶ ሕገ መንግሥት እንዲህ ላለው ክርክር ዳኛ ያደረገው ፍርድ ቤትን ሳይሆን ራሱን ምክር ቤቱን ነው፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው በድምፅ ይወስናሉ። ሐሳቡን የጻፉት ሰዎች የሕዝብን ክርክር የሕዝብ ወኪል ይዳኘው ብለው ይሆናል። በተግባር ግን ተከራካሪው የፓርቲ ሰው፣ ዳኛውም የፓርቲ ሰው ሆነ፤ አብላጫው ሪፐብሊካን ነበር። የጋራ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ለሳምንታት ምስክር ሲሰማ ቆየ። አዳምስም ያን ሁሉ ጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ግዛቲቱን ያስተዳድራል፤ ከሥር ግን መሬቱ እየተማሰ ነው።

ሪፐብሊካኖቹ ተስማምተው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአንድ ሳምንት ያልቅ ነበር። አልተስማሙም። ከመካከላቸው የዴንቨርን ስርቆት የሚጸየፉ፣ ነገር ግን ፒቦዲን ለሁለት ዓመት መልሶ መሾም የሚከብዳቸው ነበሩ። የወታደሩን ዘመን፣ የበረቱን ታሪክ፣ የመራጩንም ቁጣ ያውቃሉ። የፓርቲው አለቆች ደግሞ ዲሞክራት ወንበሩ ላይ እንዲቆይ አይፈልጉም። ስለዚህ ስምምነት ተደረሰ፤ ፒቦዲ አሸናፊ ይባላል፣ ስሙ ይታደሳል፣ ግን ቀድሞ የመልቀቂያ ደብዳቤውን ፈርሞ ለፓርቲው ሰዎች ያስረክባል። ማርች 16 ድምፅ ተሰጠ፣ አዳምስ ወረደ፣ ፒቦዲ ወጣ። በማግስቱ ደብዳቤው ሥራ ላይ ዋለ፣ ማክዶናልድ ገባ። አዳምስ ከሁለት ወር ጥቂት በለጥ ያለ ጊዜ ነው ያገለገለው፣ ፒቦዲ የሁለተኛ ዘመኑን አንድ ቀን እንኳ በቅጡ አልጨረሰም።

ይህ ስምምነት ምን እንደሚል ልብ ይበሉ። ፒቦዲ በእውነት ካሸነፈ ለምን ይለቃል? ካላሸነፈ ለምን ይሾማል? ምክር ቤቱ ለሁለቱም ጥያቄ መልስ አልሰጠም። ማክዶናልድ በግሉ የሚነቀፍበት ነገር ብዙም አልነበረም፤ በሌድቪል ከተማ የማዕድን ሰውና ደጋግሞ የተመረጠ ከንቲባ ነበር። ግን ማን አሸነፈ ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ያልተወዳደረ ሰው ሆነ። የእኔን ፍርድ ከጠየቃችሁኝ፣ በዴንቨር የተሰረቀው ድምፅ ብዙ ነው፤ ሆኖም ሩዝቬልትን መርጦ ፒቦዲን ያለፈው መራጭ በዴንቨር ብቻ የተፈጠረ አይደለም። ፒቦዲ አሸንፎ ነበር ለማለት ከተቆጠረው ልዩነት በላይ የሆነ ስርቆት በዴንቨር ማሳየት፣ በከሰሉ አገር ያለውን ደግሞ ጨርሶ አለማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛውን ምክር ቤቱ አሳምሮ ሠርቶበታል።

ወንበሩ ምን እንደሚያወጣ ዓመት ሳይሞላ እንደገና ታየ። በዲሴምበር 1905 መጨረሻ የአይዳሆ የቀድሞ አገረ ገዥ ፍራንክ ስቱነንበርግ በቤቱ በር ላይ በተጠመደ ቦምብ ተገደለ። የተያዘው ያ ሃሪ ኦርቻርድ ነው፤ ያዘዙኝ የፌዴሬሽኑ መሪዎች ናቸው ብሎ ተናዘዘ። አይዳሆ ሞየርንና የማኅበሩን ጸሐፊ ቢል ሄይዉድን ለማምጣት አሳልፎ የመስጠት ትእዛዝ ያስፈልጋት ነበር፣ ማክዶናልድም በምሥጢር ፈረመ። ሰዎቹ በፌብሩዋሪ 1906 በአንድ ቅዳሜ ሌሊት ዴንቨር ውስጥ ተይዘው፣ ጠበቃ ሳያገኙ፣ በልዩ ባቡር ወደ አይዳሆዋ ቦይዚ ተወሰዱ። አዳምስ ወንበሩ ላይ ቢሆን ይፈርም ነበር አይፈርምም ነበር ለማለት ባልደፍርም፣ እንዲህ በሌሊት ይሆን ነበር ብዬ ግን አላስብም። ሄይዉድ በጠበቃ ክላረንስ ዳሮው ተከራክሮ በጁላይ 1907 በነጻ ተለቀቀ።

ሞየርም ከእስር ከወጣ በኋላ ፒቦዲን ያለአግባብ አስረኸኛል ብሎ ከሰሰው። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በጃንዋሪ 1909 ዳኛ ኦሊቨር ዌንዴል ሆምስ የጻፈው ፍርድ ለፒቦዲ ሆነ። አገረ ገዥው በቅን ልቦና ሁከት አለ ብሎ ካመነ ሰውን ሳይከስስ ማሰሩ በካሣ አያስጠይቀውም ተባለ። ይህ ፍርድ ከዚያ በኋላም በአሜሪካ የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን ክርክሮች ውስጥ ደጋግሞ ተጠቅሷል።

አዳምስ በ1906 እንደገና ተወዳደረ። መራጩ ይካሰው ይሆናል ብሎ ያሰበ ካለ ተሳስቷል፤ የዴንቨር ዩኒቨርሲቲ መሪ ለነበረው ቄስ ለሄንሪ ቡክቴል ተሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ገዥ አልሆነም። ቀድሞ በስሙ የተሰየመው አዳምስ አውራጃ ግን ቀረለት፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከአውሮራ ከተማ ከፊሉ በዚያ አውራጃ ውስጥ ነው። የዴንቨሩ ማጭበርበር ከኮሎራዶም ውጭ ዞረ፤ በሌሎች ግዛቶች የሴቶችን ድምፅ የሚቃወሙ ሰዎች፣ ሴት የምትመርጥበት አገር ምርጫው እንዲህ ነው እያሉ ይጠቅሱት ነበር። ኮሮጆውን ሲሞሉ የከረሙት ወንዶች የፓርቲ አለቆች መሆናቸውን አልጠቀሱም።

የአገረ ገዥ ምርጫ ሲያከራክር ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው በድምፅ ይወስኑ የሚለው አንቀጽ ዛሬም በኮሎራዶ ሕገ መንግሥት ውስጥ አለ።